ሚሞሪ ያልተገዛለት ካሜራ

አዲሱ ሊንታ ካሜራ ገበያ የወጣ ዕለት፣ ብሎር መንገድ ላይ ያለው የካሜራ ሱቅ ሠራተኞች ለሁለት ተከፈሉ።

«ሁለት ሺህ ዶላር!» አለ የሱቁ ኃላፊ ፋሩቅ፣ ካሜራውን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እየመዘነ። «ዓይን አስጠግተህ የምታይበት መስኮት የለውም። ፍላሽ የለውም። ብርሃን ትንሽ ካነሰ ሌንሱ ይደነግጣል። ማን ይገዛዋል?»

«ትልቅ ካሜራ መሸከም የሰለቸው ይገዛዋል» አለ ሻጩ ያቤጽ። «ኪስ ይገባል። ዙሙን ደግሞ እየው፤ ከማዶ ያለው ፋርማሲ በሩ ላይ የለጠፈውን የሥራ ሰዓት አሁን አነበብኩት።»

«አንተ መቼም ጠበቃ ነህ። ለከሳሽም ለተከሳሽም።»

ክርክሩ በሱቁ ብቻ አላበቃም። ኢንተርኔቱም ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ «እንዲህ ትንሽ ሆኖ እንዲህ ሩቅ የሚያይ አይተን አናውቅም» ይላል፤ ገሚሱ «የሀብታም መጫወቻ» ብሎ ያጣጥለዋል። ያቤጽ ሁለቱንም ወገን እያነበበ ማስታወሻ ይይዛል። ስለ ካሜራ በአማርኛ የሚናገርበት «ሚዛን» የሚባል ትንሽ ቻናል አለው። አራት ሺህ የማይሞሉት ተከታዮቹ የሚወዱለት አንድ ነገር ነው፤ አያዳላም።

ከሰዓት በኋላ ፌበን ወደ ሱቁ ገባች።

ገና በሩ ላይ አወቃት። ኢቶቢኮ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው አምልከዋል። እሱ የእሁዱን ፕሮግራም በቪዲዮ ይቀርጻል፤ እሷ ከእናቷ ከወይዘሮ ኤልፍነሽ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ሰው «ኩራተኛዋ» ይላታል። ከአዳራሹ ማዶ ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሏት አትመልስም። ያቤጽም ሁለቴ ጎንበስ ብሎላት፣ ሁለቴም አንገቱን ብቻውን ቀና አድርጎ ያውቃል።

«ሰላም ፌበን» አላት።

ወደ ድምፁ ዞረች። ዓይኖቿ ፊቱ ላይ አላረፉም። ግራ ጆሮው አካባቢ ቆሙ።

«ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?»

«ያቤጽ እባላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቪዲዮ የምቀርጸው።»

«ውይ! ድምፅህን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው።»

ምን ዓይነት መልስ ነው ብሎ ገረመው። ፈገግታዋ ግን የኩራተኛ ፈገግታ አልነበረም።

አዲሱን ሊንታ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው። ጠዋቱን ሙሉ የመጣ ደንበኛ ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ዋጋው ነበር የሚጠይቀው። እሷ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀች። ቶሎ ይበራል? በርቶ ቢውል ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ስክሪኑ ምን ያህል ይደምቃል? ከዚያ ካሜራውን አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ አስጠግታ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ደገነችው። ሌንሱ እየተሳበ ወጣ።

«ሰባ አምስት!» አለች፣ ዕቃ ጠፍቶበት እንዳገኘ ሰው። ከማዶ ቆሞ ሰው የሚጭነው አውቶቡስ ቁጥር ነበር። «ስልኬ ሩቅ ሲሆን ሁሉንም ነገር ይበጣጥሰዋል። ይሄን እወስደዋለሁ።»

«ሚሞሪ ካርድ የቱን ልስጥሽ?»

«ካርድ አልፈልግም።»

«ካርድ ከሌለው እኮ አንድም ፎቶ አይዝም። በራሱ ምንም ማስቀመጫ የለውም።»

«እሺ» አለች ፌበን፣ በትሕትና፣ ወደ ጆሮው እያየች። «ካሜራውን ብቻ።»

ቤቷ ካርድ ይኖራታል ብሎ አሰበ። ፋሩቅ ከሄደች በኋላ መጣና ትከሻውን መታው። «ይኸው ገዢ ተገኘ! አንተ ግን ካርዱን ረስተህ በሩ ድረስ ሸኘሃት።»

*

በሳምንቱ የካሜራውን ማንገቻ ልትጠይቅ ተመለሰች። በሌላው ሳምንት ምንም ሳትጠይቅ መጣች።

ኖርዝ ዮርክ ባለ ቢሮ የስልክ አስተርጓሚ ናት። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት ሲደውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ትቆማለች። «በቀን ሠላሳ ሰው እሰማለሁ፤ አንዱንም አላይም» አለችው። ለድምፅ የተለየ ጆሮ ነበራት። አንድ ጠዋት ያቤጽ ደውሎ «እንዴት አደርሽ» ብቻ ሲላት፣ «ጉንፋን ሊይዝህ ነው፣ ሻይ ጠጣ» አለችው። በማግስቱ ያዘው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው በእግር መሄድ ጀመሩ። ስትሄድ ክንዱን ትይዛለች። እሱ በዚያ አያያዝ ደስታውን አይችለውም ነበር፤ ለምን እንደያዘችው ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

በሥራ ቀን የሚገናኙበት ሌላ መንገድ አበጁ። እሱ ከሥራ ሲወጣ ሸርቦርን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር ይጠብቃል። እሷ ሴንት ጄምስ ታውን ወዳለው ቤቷ ስትመለስ በዚያው ሰዓት ከማዶ ትወርዳለች። በመካከላቸው አራት ሐዲድ አለ። እሷ ሰዉ እስኪያልፍላት ትቆምና ካሜራውን ታወጣለች፤ በዙሙ እየፈለገች ወደ ራሷ ታመጣዋለች፤ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው ዝቅ ብሎ ይጎነበሳል። እሷም መልሳ ትጎነበሳለች። ከዚያ ባቡሩ ይመጣና ይጋርዳቸዋል።

ያቤጽ ይህን ሁሉ፣ እሁድ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሆና ወደ ሰው መደገኗንም ጭምር፣ የአዲስ ካሜራ ጨዋታ አድርጎ ነበር የቆጠረው።

«ፎቶዎችሽን መቼ ነው የምታሳዪኝ?» አላት አንድ ቅዳሜ።

«ፎቶ አላነሳም።»

«ሁሉም ጀማሪ እንዲህ ነው የሚለው። ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ሰው አይበታለሁ። ሰው ማየት ደስ ይለኛል።»

እንደተለመደው ወደ ጆሮው ታያለች።

«ጆሮዬ ላይ ግን ምንድን ነው ያለው?»

ፈገግታዋ ጠፋ። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ከዚያ ሳቀች፣ ቀስ ብላ። «ቆንጆ ጆሮ ነው ያለህ። አልነገሩህም?»

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህችን ልጅ አገባታለሁ ብሎ ወሰነ። ያልጠየቃትን ጥያቄ ግን አልቆጠረም።

*

ስለ ሊንታ የሠራውን ቪዲዮ ዓርብ ፖስት አደረገ። እንደ ልማዱ ሚዛኑን ጠብቋል። ሌንሱ ብርሃን ሲያንስ እንደሚደክም ተናገረ፤ የዙሙን ርቀት አመሰገነ፤ ዋጋውን ወቀሰ። መጨረሻ ላይ ስለ እሷ ሳይናገር ማለፍ አልቻለም።

«አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት አለች» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ይህን ካሜራ የገዛችው ፎቶ ልታነሳበት አይመስለኝም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከፊት ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ራሷ ታመጣቸዋለች። መስኮት የለውም ብላችሁ የምታማርሩ፣ እሷ ስክሪኑን እንዴት አድርጋ እንደምታየው ብታዩ ዝም ትሉ ነበር።»

ስሟን አልጠራም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ካሜራ የያዘች እህት ግን አንዲት ብቻ ናት።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። በስተግራ ያሉት ሦስት ረድፎች አይቀረጹም። እዚያ የሚቀመጡት የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ፣ አገር ቤት የቀረ ዘመዳቸው በእነሱ ፊት ምክንያት እንዳይጎዳ የሚሰጉ ሰዎች ናቸው። ካሜራው ማለፍ የሌለበትን ድንበር ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር ያሰመረው ራሱ ያቤጽ ነው። ቪዲዮውን ሲሠራ ያ ቢጫ መስመር ትዝ አላለውም። ፍቅር ይዞት ነበር።

እሁድ ከፕሮግራሙ በፊት መሠረት የምትባል፣ ግራው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ሴት ቪዲዮውን አይታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ታለቅስ ነበር።

«ሂሪንጌ፣ ጥገኝነቴ የሚታይበት ችሎት፣ ሁለት ወር ነው የቀረው» ትላለች። «ወንድሜ እዚያ እስር ቤት ነው። ስንት እሁድ ቀርጻኛለች? ለማን ነው የምትልከው? ጋሼ፣ እዚህ እንኳን ቤት አይኖረኝም?»

ጋሽ ኃይለማርያም፣ ጸጉራቸው የነጣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዱ።

«ልጄ ፌበን፣ ልንፈርድብሽ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ሰው ፈርቷል። ነገሩ እስኪጣራ ካሜራው እኛ ጋ ይቀመጥ።»

«ምንም አላነሳሁም፣ ጋሽ ኃይለማርያም።»

«ታዲያ ወደ ሰው ፊት ምን ትደግኚ ነበር?»

ፌበን ወደ እናቷ ዞረች። ወይዘሮ ኤልፍነሽ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው፣ አትናገሪ እንደማለት ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። ፌበን ማንገቻውን ከአንገቷ አውልቃ ለሽማግሌው ሰጠች።

ያቤጽ ከኋላ ቆሞ ይህን አየ። ለጥቂት ጊዜ፣ ለራሱ እንኳ ሊናገረው የሚያሳፍር ሐሳብ መጣበት፤ *እውነት ምን ስታደርግበት ነበር?* ከዚያ ራሱን ጠላ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰባት።

«ፌበን፣ አጠፋሁት። ቪዲዮውን አሁን አጠፋሁት።»

«ቴሌግራም ላይ አለ። ሲጫወት ሰምቼዋለሁ» አለች። «ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር። እሱ ነው የገደለኝ። ደስ ብሎህ ነው የተናገርከው።»

«ክፉ ነገር አላሰብኩም። እወድሻለሁ እኮ!»

ይህን ቃል ሊነግራት ያሰበው በሌላ ቦታ ነበር።

ዓይኖቿ እንደ ሁልጊዜው ወደ ጆሮው ነበሩ፤ እንባ ሞልቷቸዋል። «ሰው ሁሉ ሚዛን ነህ ይልሃል። እኔን በየትኛው ጎን አስቀመጥከኝ፣ ያቤጽ? ከጥቅሙ ነው ከጉድለቱ?»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ክንዷን ይዘው ወሰዷት።

*

ስልኩን ዘጋችበት። የላከውን መልእክት አታነብም። ያቤጽ በግድ መግባት አያውቅበትም፤ የሚያውቀው መጠበቅ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሸርቦርን ወርዶ በራሱ ወገን ቆመ።

አመሻሹ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ባቡሩ ይመጣል። ትወርዳለች። ባቡሩ ሲሄድ ከማዶ ትታያለች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጎነበሳል። አትመልስም። ቀና ሲል ጀርባዋን ያያል።

ሁለተኛ ሳምንት። አንድ ቀን ፊቷን በቀጥታ ወደ እሱ አዞረች። እስከ ጉልበቱ ድረስ ጎነበሰ። ሕንዳዊ ሽማግሌ ከጎኑ ቆመው «ወገብህን አመመህ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ፌበን ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ ዞራ ሄደች። ያቤጽ የተሳፈረው ሦስት ባቡር ካለፈው በኋላ ነው።

መብላት ተወ። ፋሩቅ ራሱ ቀልዱን ተወ። ሊንታ በሳምንት ሦስት አራት ይሸጣል፤ የገዙት ወይ ሊያመሰግኑ ወይ ሊመልሱ ይመጣሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ትዕግሥቱ አለቀ። ወደ ማዶው ወገን ተሻግሮ፣ ከምትወጣበት ደረጃ ፊት ለፊት ቆመ። ሊናገር ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበረው። ባቡሩ መጣ፤ ወረደች፤ ወደ እሱ መጣች። አሥር እርምጃ፤ አምስት፤ ሁለት። አንዲት ቃል አልወጣችውም።

ፌበን ከፊቱ ቆመች። ቀና ብላ፣ ለማያውቁት ሰው በሚሆን ትሕትና፣ «ኤክስኪውዝ ሚ» አለችው። በጎኑም አለፈች።

ያቤጽ እንደ ተገተረ ቀረ። እንዲህ ድረስ ነው የጠላችኝ? ብሎ ዞረ።

ያኔ እጇን አየ። ጣቶቿ የግድግዳውን ሸክላ እየዳበሱ ይሄዱ ነበር። ደረጃው ጋ ስትደርስ እግሯ ቀድሞ ጠርዙን ፈለገ፤ አገኘው፤ ከዚያ ወጣች።

ሁሉም ነገር በአንዴ መጣበት። ጆሮው። ክንዱን የያዘችበት አያያዝ። «ድምፅህን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው»። አፍንጫዋ ድረስ የቀረበው ስክሪን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዳራሹ ማዶ ያልተመለሱት ሰላምታዎች። ካሜራውን ከወሰዱባት ጀምሮ ደግሞ፣ እሱ ከማዶ ሲጎነበስ የኖረው ለማታየው ሴት ነበር።

ደረጃው ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ሰው እያለፈው ይሄዳል። ካለቀሰ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። *ካርድ አልፈልግም።*

*

ወይዘሮ ኤልፍነሽ አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ላይ በሩን የሰንሰለቱን ያህል ብቻ ከፈቱለት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እና... አውቄአለሁ። ዓይኗን።»

ፊታቸው ተለወጠ። ሰንሰለቱን ፈቱ፤ ግን እንዲገባ አልጋበዙትም። መተላለፊያው ላይ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«አትንገር። አባትህ ይሙት፣ አትንገር!» እጁን ያዙት። «ስድስት ዓመት ጾም ጸሎት ይዣለሁ። ትድናለች። እስክትድን ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው። አንድ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ታውቃለህ? ቀለበት ድረስ ደርሰን የሐኪሙን ወረቀት አየና ‹እግዚአብሔር አልተናገረኝም› ብሎ ሄደ። ዓመት ሙሉ ሲናገረው የከረመ እግዚአብሔር ወረቀቱን ሲያይ ዝም አለው?»

ያቤጽ ሊስቅም ሊያለቅስም አልቻለም።

«እኔ ክፉ እናት አይደለሁም» አሉ። «ዕውር ብለው ከሚያዝኑላት ኩራተኛ ብለው ቢያሟት ይሻላል ብዬ ነው። ኩራተኛን ሰው ያገባል።»

«አሁን የሚሏት ግን ኩራተኛ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። ሰላይ ነው የሚሏት።»

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ዓይኗን ሳልናገር ስሟን ላጠራላት እችላለሁ» አለ። «አፌን እንደምይዝ በእግዚአብሔር ፊት ቃል እገባለሁ።»

«እሺ» አሉ ከነጠላቸው ሥር።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ ኃይለማርያምና ሁለት ሽማግሌዎች፣ መሠረት፣ ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ፌበን። ያቤጽ ሲገባ «ሰላም ለሁላችሁ» አለ፤ ፌበን ድምፁን ስትሰማ ትከሻዋ ደነደነ።

ጋሽ ኃይለማርያም ካሜራውን ከኪሳቸው አወጡ። በመሐረብ ጠቅልለውታል።

«ከፍተው አዩት፣ ጋሼ?» አለ ያቤጽ።

«እኔ? እንዴት ብዬ! የሰው ፊት ነው ያለበት። እህቶቼ አይታይብን ያሉትን እኔስ ማየት ተፈቅዶልኛል? እንደ ተጠቀለለ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልከፈተውም። ያላዩት የሌላውን ሰው ፊት አክብረው ነው።

«ከታች ትንሽ ክዳን አለ። ይክፈቱት።»

ሽማግሌው በጥፍራቸው ታግለው ከፈቱ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። «ባትሪ ነው ያለው።»

«ከባትሪው ጎን ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ።»

«ባዶ ነው።»

«አውጥታዋለቻ!» አለች መሠረት።

«እኅት መሠረት፣ መጠየቅሽ ልክ ነው» አለ ያቤጽ። «ካሜራውን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ካርድ ስጨምርላት አልፈልግም አለች። አሁን ላሳይሽ።» ካሜራውን ተቀብሎ አበራው፤ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። «ይሄ ማሽን ስንት እንዳነሳ ቁጥር ይይዛል። ካርዱን ብታወጪው ቁጥሩ አይጠፋም። አንብቢው።»

መሠረት ተጠግታ አነበበች። «ዜሮ።»

«ከተሠራ ጀምሮ አንድም ፎቶ አንድም ቪዲዮ አልያዘም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያን መስመር ያሰመርኩ ሰው፣ የማላውቀውን ነገር አደባባይ አወጣሁ። አንቺንም አስፈራሁሽ፣ እሷንም አሳደድኳት።»

መሠረት ተቀመጠች።

«እሺ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ታዲያ ወደ እኛ ደግና ምን ታደርግ ነበር?»

ሁሉም ያቤጽን አዩት።

«እሱን እኔ አልመልስም» አለ።

ወይዘሮ ኤልፍነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፌበን ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«እማዬ፣ በቃኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ተነሣች።

«እናንተን ነበር የማየው። ዓይኔ መሃሉ እየጠፋ ነው። ፊት ለፊት ያየሁት ነገር ይደበዝዛል፤ ጎኑን ካየሁ ትንሽ ይመጣልኛል። ለዚህ ነው ጆሯችሁን የማየው። ከማዶ ሆናችሁ ሰላም ስትሉኝ አላይም። ስታልፉኝ የማን ፊት እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ካሜራ ነው መሠረት ፀጉሯን መቆረጧን ያወቅኩት። ጋሽ ኃይለማርያም ሲጸልዩ እንደሚያለቅሱ ያወቅኩት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሳልጠይቃችሁ ስላየኋችሁ ይቅርታ። ከዓይኔ ከመጥፋታችሁ በፊት ብዬ ነው።»

መሠረት ተነሥታ ሄደችና ሁለት እጇን ያዘቻት።

«መሠረት ነኝ» አለቻት። እያለቀሰች ነበር። «ማን እንደያዘሽ እንዳይጠፋሽ። መሠረት ነኝ።» እጇን ሳትለቅ ጨመረች፣ «ግን... ሂሪንጌ እስኪያልፍ ወደ ግራው አታዙሪው፣ እሺ? አምኜሽም እፈራለሁ።»

«እሺ» አለች ፌበን።

ያቤጽ በሩ ላይ ጠበቃት። ካሜራው አንገቷ ላይ ነበር፤ አላነሳችውም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሸርቦርን ላይ ‹ኤክስኪውዝ ሚ› ያልሽኝ ቀን።»

«አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ዝም ብለህ ቆምክ?»

«አፌ እምቢ አለኝ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። «ሐኪሙ ይሄም ካሜራ የማይጠቅመኝ ቀን ይመጣል ብሎኛል። ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። አያውቅም። ያን ቀን ከፊቴ ቆመህ ዝም ብትል፣ አልፌህ ነው የምሄደው። ይሄን አስበህበታል?»

አጽናኝ ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ሁሉ ውሸት መሰለው። «አስቤበታለሁ» አለ ብቻ። «ዝም አልልም።»

«ጊዜ ስጠኝ» አለችው፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች።

*

ሰኞ ሸርቦርን ላይ ቆመ፤ አልመጣችም። ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕ የባቡሩ ሰዓት አለፈና ሌላ ባቡር መጣ፤ ያ ባቡር ሲሄድ እሷ ከማዶ ቆማ ነበር።

ሰዉ እስኪያልፍላት ጠበቀች። ከዚያ ካሜራውን አወጣች።

ያቤጽ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎነበሰ። ስሟን ሊጠራ ይችል ነበር። አልጠራም። አንዴ፣ ይህችን አንዴ ብቻ፣ ራሷ ፈልጋ እንድታገኘው ፈለገ። ጉንብስ እንዳለ ከቅንድቡ ሥር አያት። ሌንሱን ከደረጃው ጫፍ ጀምራ፣ ሰው በሰው፣ ምሰሶ በምሰሶ ታመጣዋለች። አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ላይ ቆመች፤ አለፈችው። ዋሻው ውስጥ የእሱ ወገን ባቡር መብራት ታየ። ነፋሱ መጣ። ሌንሱ ገና ሁለት ምሰሶ ይቀረዋል። አንድ። ባቡሩ ጮኸ።

ሌንሱ እሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያቤጽ የበለጠ ጎነበሰ፤ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ።

ከማዶ ድምፅዋ የባቡሩን ጩኸት አልፎ መጣ፣ ቁጣም ሳቅም እንባም ያለበት፦

«ያቤጽ! ቀና በላ! እንዲህ ተቀብረህ ፊትህን እንዴት ልየው?»

ቀና አለ።